ከከተማ ከተማ በሳይክል፦ ሻንጣ ጭኖ ቀን ሙሉ ለመንዳት ዝርዝር መመሪያ

ሻንጣ ጭኖ በትንንሽ የገጠር ከተሞች መሃል ቀን ሙሉ በሳይክል መጓዝ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ኪሎሜትር ልንዳ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ከአንዱ ከተማ እስከ ቀጣዩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እላለሁ። ቀኑን የሚወስነው እሱ ነው። በየ15 ኪሎሜትሩ ከተማ ያለበት 80 ኪሎሜትር ቀላል ውሎ ነው። መሃሉ ላይ 50 ኪሎሜትር ውሃም ሱቅም የሌለበት 80 ኪሎሜትር ግን ሌላ የመነሻ ሰዓት፣ ሌላ የውሃ መጠን፣ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ቀኖች በጭራሽ አይገናኙም።

ይሄ መመሪያ ጤነኛ ለሆነና ሳይክል መንዳት ለሚችል፣ ግን ጭኖ ረጅም ቀን ውሎ ለማያውቅ ሰው ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምሬ መድረሻ ላይ እስከምትተኙበት ሰዓት ድረስ በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ከዋዜማው ማታ፦ ባዶውን መንገድ ፈልጉ

መጀመሪያ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ሁለቱም በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራሉ፣ የጥርጊያ መንገድና የውሃ ቦታም ያሳያሉ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አይነበብም፣ ዝናብ ላይ ጣት አይቀበልም። ወረቀት ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል።

ወረቀቱ ላይ የከተሞቹን ስም በተርታ ጻፉ። በየስሙ ጎን ከመነሻው ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ፣ ከቀዳሚው ከተማ እስከዚያ ድረስ ስንት ሜትር ዳገት እንዳለ፣ ከዚያም ውሃ፣ ሱቅና ማደሪያ ይኑር አይኑር አስፍሩ። ከተሞቹ 18፣ 31፣ 66 እና 82 ኪሎሜትር ላይ ናቸው እንበል። አንዴ ዓይናችሁን ስትጥሉበት የቀኑ ፈተና ከ31 እስከ 66 ያለው ባዶ መንገድ መሆኑ ይታያችኋል። የቀረው ሁሉ ለሱ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። ጭነት ያለው ሳይክል ሜዳ አስፋልት ላይ በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ኮረኮንች ላይ ከ10 እስከ 12። በየ100 ሜትሩ ዳገት 10 ደቂቃ ጨምሩ። ያ 35 ኪሎሜትር ባዶ መንገድ 400 ሜትር ዳገት ካለው፣ በሰዓት 16 ኪሎሜትር ብትሄዱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ፣ ዳገቱ ደግሞ 40 ደቂቃ፣ ባጠቃላይ 3 ሰዓት አይሞላም። ይሄ ያለ እረፍት ነው። ለመላው ቀን ስታሰሉ ለምግብ፣ ለፎቶ፣ ለጎማና ለወሬ ከላይ ሲሶ ጨምሩበት። ወሬው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ደግሞም ሊቀር አይገባም።

አንድ ነገር በጣም አስጠነቅቃለሁ። ካርታ ላይ ስም አለ ማለት ሱቅ አለ ማለት አይደለም። አምስት ቤት ብቻ ያለበት መንደርም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ሱቅ ቢኖርም የእረፍት ቀን ሊሆን፣ ወይም ቀትር ላይ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ያላረጋገጣችሁትን ከተማ እንደሌለ ቁጠሩት። ካገኛችሁበት ትርፍ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። ያለ ጭነት በአንድ ቀን ነድታችሁት የምታውቁትን ትልቁን ርቀት ውሰዱና ሲሶውን ቀንሱ። ዳገት ለበዛበት አገር ግማሹን ቀንሱ። የመጀመሪያው ቀን አንሶ ቢያድር ማንም አይጎዳም፣ ቢበዛ ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ይዞ ይሄዳል።

ጭነቱን ማሰር

ከባዱን ነገር ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጎማው እምብርት አስጠጉ፣ ቀላሉን ከላይ። የግራና የቀኝ ቦርሳ ክብደት እኩል ይሁን፤ በእጅ አንጠልጥላችሁ ብታወዳድሩ ይበቃል። ጀርባ ላይ ቦርሳ አትሸከሙ። ለአንድ ሰዓት አይታወቃችሁም፣ በአራተኛው ሰዓት ግን ትከሻን፣ ወገብንና መቀመጫን አንድ ላይ ያሠቃያል። ድንኳን ካልያዛችሁ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

አሥራችሁ ስትጨርሱ ሳይክሉን ጨብጣችሁ በኃይል ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ሲንቀጫቀጭ የምትሰሙት ነገር ሁሉ ነገ ኮረኮንች ላይ የሚወድቅ ወይም የሚበጠስ ነው። የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለ እጠፉት፤ ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ከተጠመጠመ ጎማውን በአንዴ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

ከላይ፣ ቦርሳ ሳትፈቱ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ የሚቀመጡት ነገሮች የዝናብ ልብስ፣ የቀኑ ምግብ፣ መንፊያና የጎማ መሥሪያው ናቸው። መሥሪያው ውስጥ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ ለሳይክላችሁ ብሎኖች የሚሆን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ሰንሰለት መፍቻና አንድ መቀጠያ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ጥቂት ትርፍ ብሎን ይኑሩ። የዕቃ መጫኛው ብረት የሚታሰርበት ብሎን ብዙ ጊዜ ባለ 5 ሚሊሜትር ነው። በኮረኮንች መንገድ ከሁሉ ቀድሞ የሚላላውም እሱ ስለሆነ በየጠዋቱ በቁልፍ ንኩት።

ጠዋት፣ ፔዳል ከመርገጣችሁ በፊት

አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ የአየሩ መጠን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ትንሹና ትልቁ ቁጥር መሃል መሆን አለበት። 40 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ጎማ ከነጭነቱ ከ45 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጥሩ መነሻ ነው። አብዛኛው ክብደት ያለው ከኋላ ስለሆነ የኋላው ከፊተኛው ትንሽ ይጠንክር። ፍሬኑን ጨብጡ፤ መያዣው መሪው ላይ እስኪደርስ ከሄደ ሽቦው ይጠበቅ። ሰንሰለቱ ላይ ዘይት ማታውኑ ጠብ ጠብ አድርጉና ጠዋት በጨርቅ ጥረጉት፤ የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፣ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። ጎማዎቹን አንሥታችሁ አሽከርክሩ፣ የሚነካ ነገር ካለ ይሰማችኋል። መጨረሻ ላይ ጎማው የታሰረበትን ማጥበቂያ አረጋግጡ።

ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳል ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ትክክል ነው፤ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ሲል ፊተኛውን የጉልበት ክፍል ያማል፣ ከፍ ሲል የኋላውን። ቁምጣችሁ ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ከሆነ ከሥር የውስጥ ልብስ አትልበሱ፤ ቆዳ የሚልጠው የውስጥ ልብሱ ስፌት ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ይሄ የትጋት ጉዳይ አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ መናወጥ ስለሚጀምር ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ጠዋት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተኛ ነው። መንገዱም ከመኪና ነፃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢጠፋችሁ፣ አንድ ሰው ቡና ጠጡ ቢላችሁ የሚተርፍ ብርሃን አላችሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ከርቀቱ ከግማሽ በላይ ካለፋችሁ ቀኑ በእጃችሁ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ቀስ በሉ። እግሩ ትኩስ ነው፣ ልቡም ቸኩሏል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ጠዋት ይሮጣል፤ የሮጠበትን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይከፍላል። መለኪያው ወሬ ነው። እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ማርሹን ቀለል አድርጉና እግራችሁ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ይሽከርከር። ከባድ ማርሽ በቀስታ መግፋት ጀግንነት ይመስላል፣ ሰባ ኪሎሜትር ላይ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ምግብ የሚጀመረው እዚህ ነው፣ ሳይርባችሁ። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ጠንከር ባለ ሥራ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። እሱ ሲያልቅ የሚመጣው ድካም ተራ ድካም አይደለም። ጉልበት በአንድ ጊዜ ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጣል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይናደዳል ወይም ማልቀስ ያምረዋል። ከዚያ ወዲያ የምትበሉት እስኪሠራ ድረስ መቀመጥ ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት አስገቡ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም አካባቢ አለው። ሙዝና ዳቦ፣ ቴምር፣ ብስኩት፣ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ሁሉ ይሆናል። ስብ የበዛበትን ምግብ ለማታ አቆዩት፤ ሆድ ውስጥ ይከርማል።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር፣ ሙቀት ሲበረታ እስከ አንድ ሊትር። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ቀኑን ሙሉ ስታልቡ ውላችሁ ባዶ ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት ደግሞ የደም ጨው መጠንን ያወርዳልና አደገኛ ነው፤ ጨው ያለው ነገር አብራችሁ ብሉ። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ወይም ለብዙ ሰዓት ካልመጣ ውሃ አንሷችኋል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ስትገቡ

የዚህ ጉዞ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ትንሿ ከተማ ውሃችሁ፣ ምግባችሁ፣ ጥላችሁና የመረጃ ምንጫችሁ ናት። እኔ ቅደም ተከተሉን አልቀይርም፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ መቀመጥ መጨረሻ ላይ። የተቀመጠ ሰው ይረሳል። ጠርሙሱ ግማሽ ቢኖረውም ሙሉት፤ ሞልቶ መውጣት ባዶ መንገድ ላይ ከመቆጠብ በብዙ ይሻላል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውሃ ከሆነ አፍሉት፣ አጣሩት ወይም የውሃ ማከሚያ ክኒን ጨምሩበት፤ ክኒኑ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ሰዓት ሳትጠብቁ አትጠጡ።

ሳይክል ላይ ሆናችሁ ሰው አትጠይቁ። ውረዱ፣ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ፣ ሰላም በሉ፣ ከዚያ ጠይቁ። ዓይኑ የሚታይ ሰው ሲጠይቅ መልሱ ይረዝማል። ውሃ የቀዳችሁበት ቤት ሱቅ ከሆነ አንድ ነገር ግዙበት። ሰውንም ሆነ ቤቱን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

አጠያየቁ ራሱ ሙያ ነው። «መንገዱ ጥሩ ነው?» ብትሉ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል፣ ለለመደው ሰው ሁሉም መንገድ ጥሩ ነው። «ሩቅ ነው?» ብትሉም ከልባቸው ሊያጽናኗችሁ ብለው «ቅርብ ነው» ይላሉ። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ቀጥሎ ውሃ የማገኘው የት ነው?» «ዝናብ ሲዘንብ እዚህ መንገድ ላይ መኪና የሚይዘው የት ጋ ነው?» «አስፋልቱ የሚያልቀው ከድልድዩ በፊት ነው በኋላ?» «ትልቁ ዳገት ያለው ወንዙን ከመሻገሬ በፊት ነው ወይስ ከተሻገርኩ በኋላ?» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በአዎና በአይደለም አይመለስም፣ ሰውየው ቆም ብሎ መንገዱን በዓይነ ሕሊናው ይሄድበታል። ማንን እንደምትጠይቁም ይለያያል። መኪና የሚነዳ ሰው ዳገት አያስታውስም፤ «ሜዳ ነው» ብሎ የላካችሁ ቦታ 300 ሜትር ልትወጡ ትችላላችሁ። ሞተር ነጂ ኮረኮንቹን ያውቃል። በእግሩ የሚሄድ፣ ሳይክል የሚነዳ ወይም ከብት የሚነዳ ሰው ግን እያንዳንዷን አቀበት፣ እያንዳንዷን ምንጭ ያውቃታል። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ መልሳቸው ከተለያየ ሦስተኛ ጨምሩ።

ገንዘብና ሰነድ ያለበትን ትንሽ ቦርሳ ከሳይክሉ ላይ ሳትነጥሉ ወደ ውስጥ አትግቡ። ሳይክሉን ዓይናችሁ በሚያየው ቦታ አቁሙ። እረፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብቃው፤ ከዚያ ሲያልፍ እግር ይቀዘቅዛል፣ ለመነሣትም ስንፍና ይመጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡና የሰማችሁትን ጻፉበት።

ባዶው መንገድ ላይ

ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ንዱ። ጠርዙ ላይ ስባሪ፣ አሸዋና ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በላይ ጥግ ይዛችሁ ስትሄዱ ሹፌሩ በሌለ ቦታ ሊያልፋችሁ ይሞክራል። መሪ ላይ የሚታሰር ትንሽ መስታወት ዋጋው ቀላል፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፋችሁ ነፋሱ ከጎን ከሆነ መጀመሪያ ይከልላችኋል፣ ወዲያው ደግሞ ሲለቃችሁ በአንዴ ይገፈትራችኋል። መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክንዳችሁን ግን አታድርቁት።

ዳገት ላይ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልሉ። ግማሽ ላይ ሆናችሁ በሙሉ ኃይል እየረገጣችሁ ስትቀይሩ ሰንሰለት ሊወጣ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ተቀምጣችሁ ውጡ፤ በጭነት መቆም ሳይክሉን ያንገዳግዳል፣ ጉልበትም ይበላል። ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ5 ኪሎሜትር በታች ከወረደ ወርዳችሁ ብትገፉ ይሻላል፤ የሚጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው፣ የእግር ጡንቻም ሌላ ሥራ ያገኛል። መግፋት የሚያፍሩ ሰዎች አሉ፣ ማፈር የለባቸውም። ቶማስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1884 ፊተኛው ጎማው ትልቅ በሆነው የዚያ ዘመን ሳይክል ከሳን ፍራንሲስኮ ቦስተን ሲደርስ ከመንገዱ ሲሶ በላዩን በእግሩ ነው የሄደው፣ ከዚያም ዓለምን ዞሮ ጨረሰ።

ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ይገፋችኋል፣ ለመቆምም ረዘም ያለ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ሳይሆን። ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ የውስጥ ጎማ እስከማፈንዳት ይደርሳል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ደግማችሁ ያዙ። ዋናው የማቆም ኃይል ያለው ፊተኛው ፍሬን ላይ ነው፤ ጠጠርና አሸዋ ላይ ግን ፊተኛውን በድንገት መጨበጥ ይጥላል። ኮረኮንች ላይ ቀለል ያለ ማርሽ፣ የላላ ክንድ፣ ሩቅ የሚያይ ዓይን። አሸዋ ውስጥ ፔዳሉን አታቋርጡ፣ መሪውንም በኃይል አታዙሩ። የባቡር ሐዲድ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን።

ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ኪሎሜትር ቆጣሪውን አትዩ። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ የጠዋቱን ፍጥነት ለመያዝ መታገል ጉልበት ማፍሰስ ነው። ማርሽ አቅልሉ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ዝቅ በሉ፣ በሰዓት 11 ከሆነ 11 ይሁን። የእጅ ጣት ከደነዘዘ መዳፍ ላይ ያለ ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው፤ አያያዛችሁን በየጥቂት ደቂቃው ቀይሩ።

ውሻ ቢያባርራችሁና ቁልቁለት ላይ ካልሆናችሁ በሩጫ አታመልጡትም። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በሱ መሃል አድርጉ፣ በረጋ ድምፅ ተናገሩት፣ ቀስ እያላችሁ በእግር ሂዱ። አብዛኛው ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው፤ ስትቆሙ ነገሩ ያበቃል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል።

ጎማ ሲተነፍስ

ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። ማርሹን ከኋላ በኩል ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጉት፣ ቦርሳዎቹን አውርዱ፣ ከዚያ ጎማውን ፍቱ። የቀረውን አየር አውጡና የጎማ ማውለቂያውን ከቫልቩ ራቅ ባለ ቦታ አስገብታችሁ የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አውጡ። የውስጥ ጎማውን ከመጎተታችሁ በፊት የትኛው ጎኑ በቀኝ በኩል እንደነበር ልብ በሉ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

የውስጥ ጎማውን ንፉና ወደ ጆሯችሁ፣ ከዚያ ወደ ከንፈራችሁ አስጠግታችሁ ዙሩት። ከንፈር ጆሮ የማይሰማውን ትንሽ አየር ይሰማል። ቀዳዳውን ስታገኙ ቫልቩን ከቫልቩ ቦታ አጋጥማችሁ የውስጥ ጎማውን በውጭው ጎማ ላይ አንጥፉት። ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ እሾሁ ያለበት ቦታ ነው። ይሄን ሳታደርጉ አዲስ ጎማ የከተታችሁ እንደሆነ ያው እሾህ ከ10 ደቂቃ በኋላ አዲሱን ይበሳዋል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ እየዳበሳችሁ ዙሩ፤ በባዶ ጣት አይሆንም፣ ሽቦ ይቆርጣችኋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ የወጋችሁ ነገር የለም፤ አየሩ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጧል፣ ስለዚህ ሲሠራ ጠንከር አድርጋችሁ ንፉ። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦ ጫፍ ወይም የተንሸራተተ የቸርኬ ሽፋን ፈልጉ።

ትርፍ የውስጥ ጎማ ካላችሁ እሱን አስገቡና የተበሳውን ማታ ለጥፉ። መለጠፍ ካለባችሁ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ማስቲሹን ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡ፣ ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ማስቲሹ እርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ አይዝም፤ ማብረቅረቁን ትቶ ሲደበዝዝ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ መለጠፊያውን አኑሩና በአውራ ጣት በኃይል ተጫኑ።

ሲመለስ የውስጥ ጎማው ቅርጹን እንዲይዝ ትንሽ አየር ስጡት። መጀመሪያ ቫልቩን አስገቡ፣ ከዚያ የጎማውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ በሁለት እጅ እየገፋችሁ ቫልቩ ላይ ጨርሱ። መጨረሻው ይጠብቃል፤ ማውለቂያውን አትጠቀሙ፣ የውስጥ ጎማውን ይቆነጥጠዋል። ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሱት፣ ሁለቱንም ጎን ዙሪያውን እዩ፣ ግማሽ ድረስ ንፉና አሽከርክሩት፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው መስመር ከቸርኬው እኩል ርቆ ከዞረ እስከ መጨረሻው ንፉ። የውጭው ጎማ ራሱ ተቀድዶ ከሆነ ከውስጥ በኩል የታጠፈ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስደግፉት፣ እስከ ቀጣዩ ከተማ ያደርሳችኋል።

ቀትርና ዝናብ

ሙቀቱ ሲበረታ ከተማ ወይም ጥላ ውስጥ ሁለት ሰዓት ማረፍ ቀኑን አያጠፋም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንገዳገድ ከመጣ ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ልብሳችሁን አርጥቡ። አብሯችሁ ያለ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ግራ ከተጋባ ሙቀቱ አንጎሉን ነክቶታል፤ ውሃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙትና ወዲያው እርዳታ ጥሩ። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተሰማ ቅርብ ነው፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ኮረብታ ጫፍ ላይም አትቆዩ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ውጡ።

ከሰዓት በኋላ የሚወሰነው ውሳኔ

ልቀጥል ወይስ ልደር የሚለው ውሳኔ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ብቻ ነው የሚወሰነው። ባዶው መንገድ መሃል ላይ ምርጫ የለም፣ መሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ 3 ሰዓት ገደማ ሲቀር ባላችሁበት ከተማ ቁሙና ወረቀቱን አውጡ። የቀረውን ሰዓት በጠዋቱ ስሌት ሳይሆን ዛሬ በሄዳችሁበት ትክክለኛ ፍጥነት አስሉ። የምትደርሱት ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ከሆነ ሂዱ። ካልሆነ እዚያው እደሩ። ማደሪያ የሌለው ከተማ ከሆነ መጠየቅ ጀምሩ፣ ወይም በመኪና ተጫኑ፤ በመኪና መጫን ጉዞውን አያበላሸውም። ጨለማ ውስጥ የገጠር መንገድ መንዳት ግን ጉድጓዱን፣ ከብቱን፣ ሰካራም ሹፌሩን አንድ ላይ መቀበል ነው። መብራት ለማይጠበቅ ነገር ይያዝ እንጂ እቅድ ውስጥ አይግባ።

ማታ

ሳይክሉን ወደ ውስጥ አስገቡ። ገና ሳትታጠቡ አንድ ነገር ብሉ፣ ከዚያ ተኝታችሁ እስክትነሡ የሚይዝ ሙሉ ራት። ቁምጣውን እጠቡና አስጡ፣ የተላጠ ቆዳ ካለ አጽድታችሁ አድርቁና ቅባት ቀቡት፤ ትንሽ መላጥ በሁለተኛው ቀን ቁስል ይሆናል። ሰንሰለቱን ጥረጉ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ። ጎማውን በእጅ ባትሪ እያያችሁ ዙሩና የተሰካውን ጠጠርና ስባሪ በምስማር ጫፍ ንቀሉ። ተሰክቶ የሚያድር ስባሪ ነገ በየዙሩ እየገባ ይሄዳል።

የነገውን ወረቀት ስትጽፉ ርቀቱን ከመወሰናችሁ በፊት አንድ የቤት ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱ። ጭኑ ከከበደ ግን ካላመመ እንደታሰበው ሂዱ። ጉልበት ውስጥ በአንድ ቦታ የሚወጋ ሕመም ካለ የኮርቻውን ቁመት እንደገና ለኩ፣ ነገ ደግሞ በግማሽ ርቀት ላይ ያለውን ከተማ ማደሪያ አድርጉ።